አንድ ቀለም ብርሃን እና የታጠበው የሰንዓ ብራና



በውስጥ መስመር ከሚደርሱን ጥያቄዎች መካከል አንዱ እየተመላለሰ ይመጣል። «የሰንዓ ቁርኣን የሚባለው ምንድን ነው? ከሥሩ ሌላ ቁርኣን ተገኘ የሚሉት እውነት ነው?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው። አንድ አጭር ቪዲዮ ያያሉ፤ በቪዲዮው ላይ አንድ ሰው የደበዘዘ ብራና እያሳየ «ሳይንስ አጋለጠው» ይላል። ልጁ ግራ ይጋባል፤ ኡስታዙን እንዳይጠይቅ ደግሞ «ኢማንህ ደከመ» እንዳይባል ይፈራል። ከዚያ ጥያቄውን ይዞ ብቻውን ያድራል።

እኛ ጥያቄው ያስፈራል ብለን አናምንም። ስለዚህ ዛሬ ብራናውንም፣ «አጋለጠው» የተባለውን ሳይንስም ቀርበን እናያለን። መንገዱ ረዘም ይላል፤ ከየመን መስጂድ ጣሪያ ተነስተን አሜሪካ ካሊፎርኒያ ወዳለ የፊዚክስ ማዕከል እንሄዳለን፣ መጨረሻ ላይ ዮርዳኖስ እንደርሳለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1972 የሰንዓ ታላቁ መስጂድ ሲታደስ ሠራተኞች በጣሪያውና በኮርኒሱ መካከል የተጠቀጠቀ ያረጀ ብራናና ወረቀት ክምር አገኙ። ያረጀ የቁርኣን ቅጠል እንደማንኛውም ነገር እንደማይጣል ሁላችንም እናውቃለን፤ ይቀበራል፣ ይቃጠላል፣ ወይም እግር የማይረግጠው ቦታ ይቀመጣል። የሰንዓ ሰዎች የመረጡት ሦስተኛውን ነበር። የወቅቱ የየመን ቅርሶች ባለሥልጣን ኃላፊ ቃዲ ኢስማዒል አል-አክወዕ ዋጋውን ወዲያው ተረዱ፤ የጥገና ባለሙያም ከውጭ ፈለጉ። በኋላ ተለይቶ ሲቆጠር ወደ 12,000 የሚጠጋ የብራና ቁራጭ ሆነ፤ የተገኘውም ከመቶዎች የሚቆጠሩ ሙስሐፎች ነበር።

ከእነዚህ መካከል አንዱ ሙስሐፍ ለየት ያለ ነው። ቅጠሎቹ ሁለት ጊዜ ተጽፎባቸዋል። መጀመሪያ የተጻፈው ታጥቦና ተፍቆ፣ በላዩ ላይ ሌላ ጽሑፍ ተጽፏል። ይህ ነገር እንግዳ የሚመስለው ለቪዲዮ ሠሪዎቹ እንጂ በለውህ ለቀራ ሰው አይደለም። ከእናንተ መካከል በገጠር ቁርኣን ቤት የቀራ ካለ ያስታውሳል፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ለውሁ ይታጠባል፣ አዲስ ሒስብ ይጻፍበታል፤ ታጥቦም ቢሆን የትናንቱ ፊደል ጥላ ሆኖ ከሥር ይታያል። ብራና ደግሞ ከእንስሳ ቆዳ የሚሠራ ውድ ነገር ነበርና በድሮ ዘመን አጥቦ መጠቀም በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ዘንድ የተለመደ ነው።

ችግሩ ይህን ጥላ እንዴት እናንብበው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ነው ፊዚክሱ የሚገባው።

ሲንክሮትሮን የሚባል ማሽን አለ። ኤሌክትሮኖችን በቀለበት ቱቦ ውስጥ የብርሃንን ፍጥነት በተጠጋ ፍጥነት ያሽከረክራል። ኤሌክትሮን በማግኔት ተገድዶ መንገዱን ሲያጥፍ ብርሃን ይረጫል። ይህ ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይን የታየው በ1947 ኒውዮርክ ውስጥ ስኬነክታዲ በሚገኘው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ነው፤ የታየውም የማሽኑ ቱቦ ብርሃን የሚያሳልፍ ስለነበረ ብቻ ነው። በጊዜው የፊዚክስ ሰዎች እንደ ጥቅም አላዩትም። ኤሌክትሮኖቹን ጉልበት የሚያሳጣ ኪሳራ ነበር የሚመስላቸው። በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ለዚያ «ኪሳራ» ሲባል ብቻ ትላልቅ ቀለበቶች ይሠሩ ጀመር። ምክንያቱም የሚወጣው ኤክስሬይ ሆስፒታል ውስጥ ከምናውቀው በእጅጉ የበረታና የቀጠነ ነው።

ይህ ጨረር ግን ሲወጣ ድብልቅ ነው። የፀሐይ ብርሃን ቀይም ሰማያዊም በውስጡ እንደያዘ ሁሉ፣ ይህም ዓይናችን የማያያቸው ብዙ የኤክስሬይ «ቀለሞች» አሉበት። ብርሃንና ቀለም ሲነሳ የኛ ገጽ ኢብኑል ሀይሰምን ሳይጠራ አያልፍም፤ ስለሳቸው ብዙ ስለተጻፈ ዛሬ ተማሪያቸው ማለት የሚቻለውን፣ ወደ 300 ዓመት ገደማ ዘግይቶ የመጣውን ከማሉዲን አል-ፋሪሲን እናስታውስ። አል-ፋሪሲ የኢብኑል ሀይሰምን የብርሃን ኪታብ እየመረመረ ሳለ ውሃ የሞላ የመስታወት ሉል አዘጋጀ፤ ሉሉን እንደ አንድ ግዙፍ የዝናብ ጠብታ ቆጥሮ ቀስተ ደመና እንዴት እንደሚፈጠር አጠና። ብርሃን ሲሰበር ቀለሞቹ እንደሚለያዩ በሙከራ ተከታተለ ማለት ነው። ኤክስሬይ ግን በውሃና በመስታወት እንዲህ አይለይም። ለሱ የሚሆነው ክሪስታል ነው። አተሞቹ በረድፍ የተደረደሩ ንጹሕ የሲሊኮን ዝርግ ጨረሩን ተቀብሎ፣ በተቀመጠበት ማዕዘን ልክ አንዱን የሞገድ ርዝመት ብቻ መርጦ ይመልሳል። ማዕዘኑን ትንሽ ብታዞሩት ሌላ ይመርጣል። ይህን ሕግ በ1912 እና 1913 ያወጡት እንግሊዛውያኑ አባትና ልጅ ብራጎች ናቸው። ሁለት እንዲህ ያሉ ክሪስታሎች አቀናጅቶ የሚገኘው የተመረጠ ጨረር «አንድ ቀለም» ይባላል።

አንድ ቀለም መሆኑ ለምን ይጠቅማል? ብረትን እንውሰድ። የብረት አተም የውስጠኛውን ኤሌክትሮን የሚለቀው ቢያንስ 7,112 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ሲነካው ነው። ከዚያ ባነሰ ፍንክች አይልም። ከዚያ ትንሽ በለጥ ባለ ጨረር ከተነካ ግን ኤሌክትሮኑ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ ሌላ ሲተካ አተሙ 6,400 ገደማ ኤሌክትሮን ቮልት የሆነ የራሱን ጨረር ይለቃል። ይህ የብረት ድምፅ ነው። መዳብ ሌላ ድምፅ አለው፤ ዚንክም፣ በቆዳው ውስጥ ያለው ካልሲየምም እንዲሁ። ስለዚህ ተመራማሪው ጨረሩን በፈለገው ልክ አስተካክሎ «ማን አለ?» ብሎ ይጣራል፤ የሚመልሱትን በድምፃቸው ይለያቸዋል። በዚህ በተመረጠ ጨረር የመድኃኒት ተመራማሪዎች የፕሮቲን ክሪስታሎችን ቅርጽ ያነሳሉ፤ በ2020 የአንዳንድ የኮሮና ቫይረስ ፕሮቲኖች ቅርጽ በፍጥነት የታወቀው በእንዲህ ያሉ ማሽኖች ነው። ባትሪ የሚሠሩት፣ አፈር የሚመረምሩትም ይጠቀሙበታል። እኛ ግን ወደ ብራናችን እንመለስ።

ካሊፎርኒያ ስታንፎርድ ባለው ሲንክሮትሮን የሚሠራ ኡቨ በርግማን የሚባል ጀርመናዊ ፊዚሲስት ነበር። ሥራው በዕፅዋት ውስጥ ያሉ ብረታ ብረቶችን በኤክስሬይ ማጥናት ነበር። በ2003 ስለ አርኪሜዲስ ብራና የተጻፈ የመጽሔት ጽሑፍ ያነባል። ይህ ብራና በ10ኛው ክፍለ ዘመን የአርኪሜዲስ ሥራዎች በግሪክኛ የተገለበጡበት ነው፤ በ1229 ግን ተፍቆ የጸሎት መጽሐፍ ሆነ። በርግማንን ያስቆመው አንድ ቃል ነው፤ የተፋቀው ቀለም ብረት ነበረበት። ለሱ ደግሞ ብረት ማለት የዕለት ሥራው ነው። ከ2005 ጀምሮ የብራናው ቅጠሎች በስታንፎርድ ጨረር ፊት ቀረቡ። እንደ ፀጉር የቀጠነው ጨረር በነጥብ በነጥብ፣ በመስመር በመስመር ገጹን ይጠርጋል፤ መሣሪያው በየነጥቡ ምን ያህል ብረት እንዳለ ይመዘግባል፤ አንድ ገጽ ሰዓታት ይፈጃል። በመጨረሻ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ቀለም ሳይሆን የብረት ካርታ ይወጣል፤ የብረቱ ካርታ ደግሞ ፊደል ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጭበርባሪዎች በወርቅ ቀለም ሥዕል ከደፉባቸው ገጾች ሥር እንኳ ጽሑፉ ተነበበ።

(በነገራችን ላይ፣ አርኪሜዲስ ሰባት ጎን ስላለው ቅርጽ የጻፈው ሥራ ዛሬ የሚገኘው በዐረብኛ ብቻ ነው፤ የተረጎመው በባግዳድ ይሠራ የነበረው የሐራኑ ሳቢት ኢብኑ ቁራ ነው። የግሪኩን ብራና ጨረር ከማንበቡ ከ1,000 ዓመት በፊት የባግዳድ ተርጓሚዎች ሌላውን ክፍል አትርፈውት ነበር።)

አሁን ሁለቱ ታሪኮች ይገናኛሉ። ከሰንዓው የታጠበ ሙስሐፍ ጥቂት ቅጠሎች ከየመን ወጥተው ለንደን ውስጥ በጨረታ ተሽጠዋል። ከነዚህ አንዱ፣ ከሱረቱል በቀራ ክፍል የያዘው፣ በ2007 ስታንፎርድ ደረሰ። በዚያው የእስልምና ታሪክ ያስተምር የነበረው ቤህናም ሳዴጊ እና ያው በርግማን ተባብረው ቅጠሉን አጠኑ። ጨረሩ ታጥቦ የጠፋው ቀለም በቆዳው ላይ የተወውን የብረታ ብረት ቅሪት እያነበበ የሥረኛውን ጽሑፍ እንዲወጣ ረዳ። ከቅጠሉ ጠርዝ የተወሰደ ቁራጭ ደግሞ በካርቦን 14 ዕድሜው ተለካ። ውጤቱ በ2010 አረቢካ በሚባል የጥናት መጽሔት ወጣ፦ ብራናው በ95 በመቶ ዕድል ከ578 እስከ 669 ባለው ጊዜ ውስጥ የነበረ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ አኼራ የሄዱት በ632 መሆኑን አስታውሱ። እንግዲህ ይህ ቆዳ የሰሓቦች ዘመን ቆዳ ነው።

ከሥር ምን ተጻፈ? ቪዲዮዎቹ የሚያልፉት ይህንን ነው። ከሥር የተጻፈውም ቁርኣን ነው። ሱረቱል በቀራ ሱረቱል በቀራ ነው፤ አንቀጾቹ በቦታቸው፣ በቅደም ተከተላቸው አሉ። ልዩነቱ በቃላት ደረጃ ነው። ለምሳሌ ስለ ሐጅ በሚናገረው 196ኛው አንቀጽ ላይ «ራሶቻችሁን» የሚለው ቃል የለም፤ መላጨት የሚባለው ራስ መሆኑ ግን ከዐረፍተ ነገሩ ግልጽ ነው። ሌላ ቦታ ተውላጠ ስም ይለወጣል፣ መስተዋድድ ይለወጣል። በላዩ የተጻፈው ደግሞ ዛሬ በእጃችን ያለው የዑስማን (ረ.ዐ.) ሙስሐፍ ነው።

ይህ አዲስ ነገር ነውን? ታሪካችንን ላነበበ አይደለም። ሰሓቦች ለራሳቸው የጻፏቸው ሙስሐፎች እንደነበሩ፣ የዐብደላህ ኢብኑ መስዑድና የኡበይ ኢብኑ ከዕብ (ረ.ዐ.) ቅጂዎች በአንዳንድ ቃላት ይለዩ እንደነበር፣ በዚህም ምክንያት በ650 አካባቢ ዑስማን ኢብኑ ዐፋን ኡማውን በአንድ ሙስሐፍ ላይ ሰብስበው ሌሎቹ እንዲወገዱ ማዘዛቸውን የጻፉት የኛው ዑለማዎች ናቸው። አልደበቁትም። ተፍሲርና የቂርኣት ኪታቦች ውስጥ ተዘርዝሮ አለ። የሚያሳዝነው፣ እነሱ ሳይፈሩ የጻፉትን እኛ ሳናስተምረው ቀርተን ልጆቻችን ከማያውቁት ሰው ስልክ ላይ እንዲሰሙት ማድረጋችን ነው። የሰንዓው ብራና ያደረገው ነገር፣ አንዳንድ ምዕራባውያን ተመራማሪዎች «በኋላ የተፈጠረ ወሬ ነው» ይሉት የነበረውን የሰሓቦች ሙስሐፍ ታሪክ በቁስ ማስረጃ ማሳየት ነው።

ሳዴጊ አንድ እርምጃ ሄዷል። ሦስት ምስክሮች አስቀመጠ፦ የዑስማንን፣ በኪታቦች የተዘገበውን የኢብኑ መስዑድን እና ይህን ብራና። ሲለያዩ ማን ከማን ጋር ይቆማል ብሎ ቆጠረ። የዑስማን ሙስሐፍ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ ከአንዱ ጋር ሆኖ ተገኘ። ሦስት ሰዎች አንድን ንግግር ሰምተው ቢመሰክሩ፣ ብዙ ጊዜ ከብዙኃኑ ጋር የሚገኘው ምስክር ይበልጥ ይታመናል፤ ዳኛም የሚሠራው እንዲሁ ነው። በዚህም የዑስማን ሙስሐፍ ለመነሻው ይበልጥ የታመነ ነው ሲል ደመደመ። ሁሉም ተመራማሪ ግን በዚህ አልተስማማም። ቱኒዚያዊቷ አስማ ሂላሊ በ2017 ባሳተመችው ጥናት የሥረኛው ጽሑፍ ሙሉ ሙስሐፍ ሳይሆን የትምህርት መለማመጃ ይመስላል ትላለች። ለዚህ ሐሳብ የሚጠቀሰው ማስረጃ ለኛ ፈገግ የሚያሰኝ ነው። በሰንዓ ከቀሩት ቅጠሎች በአንዱ ላይ፣ ሱረቱ ተውባ ሲጀምር ጸሐፊው ቢስሚላህ ጽፏል፤ ቀጥሎም «ቢስሚላህ አትበል» የሚል ማሳሰቢያ ሰፍሯል። ተውባ ያለ ቢስሚላህ እንደምትቀራ ማንም ደረሳ ያውቃል። ከ1,300 ዓመት በላይ ያስቆጠረ አንድ ደረሳ ተሳስቶ ሸኹ ያረሙት እስኪመስል ድረስ ሕያው ነው።

ይህን ስንል «ሳይንስ ቁርኣንን አረጋገጠ» ብለን ለመጨፈር አይደለም። ያኛው ወገን «አጋለጠው» ሲል የሚሠራውን ስህተት እኛም ባንደግመው ይሻላል። ማሽኑ የሚናገረው ብረት የት እንዳለ ነው። ቁርኣን በመጀመሪያ የተላለፈው በልብ ነው፤ ሒፍዝ ያለው ሰው ከማንኛውም ብራና ጋር አልታሰረም።

ከዚህ ታሪክ እኛን የሚቆጠቁጠን ሌላ ነው። የየመን ቅጠል ለንደን ተሸጠ፤ ካሊፎርኒያ ላይ በራ። ጨረሩን የሚያውቁ ሰዎች በሙስሊሙ ዓለም ለምን አልነበሩም? ቀለበቱስ? ለዚህ ጥያቄ ከፊል መልስ የሚሰጠው ዮርዳኖስ ነው።

በ1997 ጀርመን በርሊን ላይ ያለ ቤሲ አንድ የሚባል ሲንክሮትሮን ሊዘጋ ነበር። «ከሚፈርስ ለመካከለኛው ምሥራቅ ይሰጥ» የሚል ሐሳብ ተነሳ። በ1999 ጉዳዩ ፓሪስ ዩኔስኮ ደረሰ፤ በ2000 ዮርዳኖስ ተመረጠች፤ በ2003 ከአማን ብዙም ሳይርቅ አላን በሚባል ቦታ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ማዕከሉ በምህጻረ ቃል ሴሳሚ ይባላል፤ ትርጉሙ ሰሊጥ ነው። በዓሊ ባባ ተረት የዋሻው በር «ሲምሲም ተከፈት» ሲባል የሚከፈተውን አስታውሶ የተሰጠ ስም ነው። በሩ ግን በአንድ ቃል አልተከፈተም። ገንዘብ ጠፋ። ከበርሊን የመጣው ማሽን ለመነሻ ብቻ ቀርቶ ዋናው 133 ሜትር ዙሪያ ያለው ቀለበት እንደ አዲስ ተሠራ። በ2013 ታኅሣሥ ከባድ በረዶ ጣለና ጣሪያው ተደረመሰ። ኢራን በማዕቀቡ ምክንያት መዋጮዋን መላክ ከበዳት። በ2010 ደግሞ ከሴሳሚ ጋር ይሠሩ የነበሩ ሁለት ኢራናውያን ፊዚሲስቶች፣ መስዑድ ዓሊሙሐመዲና መጂድ ሸህሪያሪ፣ ቴህራን ውስጥ በቦምብ ተገደሉ።

ከአባላቱ መካከል ዮርዳኖስ፣ ግብጽ፣ ቱርክ፣ ፓኪስታን፣ ኢራንና ፍልስጤም አሉ። እስራኤልም አለች። ይህን ስትሰሙ የምትቆጡ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ቁጣውን አንንቀውም። በምክር ቤቱ ወንበር የሚቀመጡት የፍልስጤም ሳይንቲስቶች ግን ወንበራቸውን ባዶ ላለማድረግ መርጠዋል፤ እነሱ የመረጡትን እኛ ከሩቅ ሆነን የምንሽረው አይሆንም።

ግንቦት 2017 ንጉሥ ዐብደላህ ማዕከሉን መረቁ። በዚያው ዓመት ኅዳር 22 የመጀመሪያው አንድ ቀለም ብርሃን በሴሳሚ የመጀመሪያ የጨረር መስመር ላይ ወጣ። በ2018 ተመራማሪዎች ናሙናቸውን ይዘው መግባት ጀመሩ። ከ2019 ጀምሮ መብራቱን የሚያገኘው ከራሱ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ነው፤ እንዲህ ያለ ማሽን በታዳሽ ኃይል ብቻ ሲሠራ የመጀመሪያው ነው።

ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። አፍሪካም እስካሁን የራሷ ሲንክሮትሮን የላትም። ከአፋር ዲኪካ የተገኘችው የ«ሰላም» ቅሪተ አካል ውስጧ በእንዲህ ያለ ጨረር የታየው ፈረንሳይ ግሬኖብል ተወስዳ ነው፤ ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ ያለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየንና፣ የኛን አፈር ነገር ለማየት ባሕር መሻገር ግድ መሆኑን ግን ልብ በሉ።

እኛም የሚነበብ ብዙ አለን። በሐረር የሸሪፍ ሙዚየም፣ በወሎ የድሮ መሳጂዶች፣ በየሸኹ ቤት ሳጥን ውስጥ ኪታብ አለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ከላይ የነገርናችሁ ዘዴ ብረታ ብረት ለሌለው ቀለም አይሠራም። ከጥላሸት የተበጠበጠ ቀለም ካርቦን ነው፤ ጨረሩ ቢጣራ የሚመልስለት የለም። በብዙ ቁርኣን ቤቶች የለውህ ቀለም የሚሠራው ከጥላሸት ነው። የኪታቦቹ ቀለምስ? ጥቁሩ በምን ተበጠበጠ፣ ቀዩስ ከምን መጣ? ይህን በእጃቸው የሠሩ ሽማግሌዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። በየአካባቢያችሁ ያሉ ሸኾችን፣ አያቶቻችሁን ጠይቃችሁ የቀለሙን አሠራር ከነቦታው ስም በአስተያየት መስጫው ጻፉልን፤ ሰብስበን በሚቀጥለው ጽሑፍ እናቀርበዋለን ኢንሻአሏህ።